በጦር ክፍሎች መካከል ፉክክር ይኑር፤ ንቀት ግን ይቅር



በዚህ የአንባቢያን ዓምድ ላይ ስለ ውሃና ስለ መብራት፣ ስለ መንገድና ስለ ገበያ የሚወጡትን ደብዳቤዎች ሳላቋርጥ አነባለሁ። ዛሬ እኔም በበኩሌ በየቤቱና በየሻይ ቤቱ የሚወራ፣ ዳሩ ግን በጽሑፍ ሲወጣ ብዙም ያላየሁትን አንድ ጉዳይ ለማቅረብ ተነሥቻለሁ። ጉዳዩም በሆሳዕና፣ በዱራሜና በአካባቢያቸው ባሉት የሀዲያና የከምባታ ከተሞች የሚኖሩ ወጣቶች መኮንን ለመሆን በሚያመለክቱበት ጊዜ ስለሚያደናግራቸው ነገር፣ እንዲሁም በጦር ክፍሎች መካከል ስላለው ፉክክር ነው። ሐሳቤ ለሕዝብ ይጠቅማል ብለው ያመኑበት እንደ ሆነ እንዲያወጡልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

እኔ የሆሳዕና ነዋሪ የሆንሁ፣ ጡረታ የወጣሁ የሒሳብ አስተማሪ ነኝ። ወታደር ሆኜ አላውቅም። ነገር ግን ሁለት ልጆቼ በመከላከያ ሠራዊት ውስጥ ያገለግላሉ። ታላቁ በምድር ጦር መኮንን ነው፤ ታናሹ በቢሾፍቱ የአውሮፕላን ጥገና ባለሙያ ነው። ስለዚህ ለአንዱ ክፍል አድልቶ ሌላውን ያማል ተብዬ የምጠረጠር አይደለሁም። ከዚህም ሌላ ያስተማርኋቸው ልጆች ማመልከቻ ሲጽፉ እንዳርምላቸው ወደ ቤቴ ይመጣሉ፤ በዚህም ምክንያት የሚመኙትንና የሚፈሩትን በቅርብ አውቃለሁ።

ፉክክሩ ምን ዓይነት እንደ ሆነ ለማያውቅ አንባቢ አስቀድሜ ጥቂት ላስረዳ። በመስቀል ሰሞን ሀዲያ ያሆዴን፣ ከምባታም መሳላን ሲያከብር፣ ፈቃድ ያገኘ ወታደር ሁሉ ከየካምፑ ወደ ወላጆቹ ቤት ይመጣል። ቅቤ የጠገበ አታካና ቀርቦ ቤተ ዘመድ ሲሰበሰብ ጨዋታው በክፍል ይለያል። የምድር ጦሩ ልጅ የአየር ኃይሉን «እናንተ እኮ ጦርነት የምትሄዱት ቁርስ በልታችሁ ነው፤ የምትመለሱትም ለምሳ ነው» ይለዋል። የአየር ኃይሉም «እኛ ቀድመን ባንሄድ እናንተ ለምሳ አትደርሱም ነበር» ብሎ ይመልሳል። መድፈኛው እግረኛውን «እኔ ከሩቅ የጨረስሁትን አንተ ቀርበህ ታየዋለህ» ሲለው፣ እግረኛው ደግሞ «ባንዲራውን የሚተክለው የማን እጅ ነው?» ብሎ ያፋጥጠዋል። የባሕር ኃይል ነገር የተነሣ እንደ ሆነማ ማንም ዝም አይልም፤ «ልምምዱ በቦዮ ሐይቅ ላይ ነው ወይ?» ተብሎ ይሳቃል። ይህ ሁሉ ቤት የሚያሞቅ ጨዋታ ነው። እኔም ሁለቱ ልጆቼ እንዲህ ሲከራከሩ መስማት ደስ ይለኛል።

እንዲህ ያለው ፉክክር ለአገር የጠቀመበት ጊዜ ብዙ ነው። ለምሳሌ ስፖርትን እንውሰድ። በ1952 ዓ.ም. መጨረሻ በሮማ በባዶ እግሩ ሮጦ ዓለምን ያስደነቀው አበበ ቢቂላ የክቡር ዘበኛ ወታደር ነበር። በ1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ በማራቶን ያሸነፈው ማሞ ወልዴም የዚያው ክፍል ልጅ ነበር። በ1972 ዓ.ም. በሞስኮ ሁለት የወርቅ ሜዳልያ ያገኘው ምሩጽ ይፍጠር ደግሞ ከአየር ኃይል የወጣ ነው። በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና ድል ያደረገችው ደራርቱ ቱሉም ከወኅኒ ቤት ፖሊስ ክለብ የወጣች ናት። በእግር ኳስም የጦሩ መቻልና የፖሊሱ ኦሜድላ ስንት ዘመን ተፎካክረዋል! ዛሬም መቻል ከእኛው ከሀዲያ ሆሳዕና ክለብ ጋር በሊጉ ሲገናኝ፣ ልጁን ለሠራዊቱ የሰጠ የሆሳዕና ሰው ለየትኛው እንደሚያጨበጭብ ሲቸገር አይቻለሁ። አንዱ ክፍል ሌላውን ለመብለጥ ሲል ልጆቹን አሠለጠነ፤ ሜዳልያው ግን የአንድ ክፍል ሳይሆን የኢትዮጵያ ሆነ። መልካም ፉክክር ማለት እንዲህ ያለ ነው።

ዳሩ ግን ፉክክር ድንበሩን አልፎ ንቀትና ቅናት የሆነ እንደ ሆነ የሚያመጣውን መዘዝ አገራችን በዓይኗ አይታለች። ክቡር ዘበኛ በጊዜው በሥልጠናውና በትጥቁ ከሌላው ጦር ላቅ ብሎ የሚታይ፣ ልጆቹም በ1943 ዓ.ም. ቃኘው ተብለው ወደ ኮሪያ ዘምተው በዓለም ፊት ስም ያተረፉ ክፍል ነበር። የምድር ጦሩ መኮንኖችም በበኩላቸው በሥራቸው የሚኮሩ ነበሩ። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክቡር ዘበኛው አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ገርማሜ ንዋይ መፈንቅለ መንግሥት በሞከሩ ጊዜ ክቡር ዘበኛ በአንድ ወገን፣ ምድር ጦርና አየር ኃይል በሌላ ወገን ቆመው በአዲስ አበባ ጎዳና ላይ ተታኮሱ። በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ታግተው ከተገደሉት ሹማምንት አንዱ ቀድሞ ክቡር ዘበኛን ያዘዙት ጄኔራል ሙሉጌታ ቡሊ ነበሩ። የዚያ ነገር ምክንያት ብዙ ነው፤ የክፍል ቅናት ብቻ አደረገው አልልም። ነገር ግን አንድ ዓይነት ቋንቋ የሚናገሩ፣ ለአንድ ባንዲራ የማሉ ወታደሮች «እኛ» እና «እነሱ» መባባልን አስቀድመው የለመዱ ባይሆኑ ኖሮ፣ ያን ሁሉ ጥይት እርስ በርስ ለመተኮስ ይህን ያህል ባልቀለላቸውም ነበር እላለሁ።

ከዚህ የተለየውንም እንመልከት። በ1969 ዓ.ም. ክረምት የሶማሊያ ጦር ወደ ኦጋዴን በገባ ጊዜ፣ ምድር ጦሩ እየተጫነ ወደ ኋላ ሲል፣ በቁጥር ጥቂት የነበሩት የአየር ኃይላችን ኤፍ 5 አውሮፕላኖች የጠላትን ሚግ አውሮፕላኖች ገጥመው የሰማዩን የበላይነት ያዙ። ሰማዩ ባይያዝ ኖሮ እግረኛው በሜዳ ላይ ይቀር ነበር። ሰማዩ ቢያዝም እንኳ እግረኛውና ታንከኛው ተራራውን ባይወጣ ኖሮ ጅጅጋ አትመለስም ነበር። የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ካራማራ የተመለሰው፣ የኩባ ወታደሮችም አብረው ተሰልፈው፣ ሁሉም በየፊናው ድርሻውን ስላደረገ ነው። በዚያን ቀን «ድሉ የእኔ ብቻ ነው» የሚል ክፍል ቢኖር ኖሮ፣ ሐሰት መናገሩን የሚመሰክርበት የሌላው ክፍል ደም ነበር። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው ለዚህ ነው።

በመኮንኖች ማሠልጠኛዎች መካከልም ፉክክር ነበር። በ1927 ዓ.ም. በስዊድን መኮንኖች አሠልጣኝነት የተከፈተው የሆለታው የጦር ትምህርት ቤት ቀዳሚ ነው። ከዚያ በኋላ በ1950 ዓ.ም. ገደማ በሕንድ መኮንኖች አስተማሪነት የሐረር የጦር አካዳሚ ተቋቋመ፤ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተመረጡ ወጣቶችን ተቀብሎ ሦስት ዓመት ያስተምር ነበር። የሐረሩ ምሩቅ በትምህርቱ ሲኮራ፣ በሆለታ በኩል ከተራ ወታደርነት ተነሥቶ መኮንን የሆነው ደግሞ ከወታደሩ ጋር በኖረበት ዘመን ይኮራ ነበር። ሁለቱም የሚኮሩበት ነገር እውነት ነበረው። ጦር ካርታ የሚያነብ መኮንን ያስፈልገዋል፤ የወታደሩን ሆድና ልብ የሚያውቅ መኮንንም ያስፈልገዋል። ዛሬም ወደ መኮንንነት የሚወስደው መንገድ አንድ ብቻ አይደለም። ትምህርቱን ጨርሶ በዕጩ መኮንንነት የሚገባ አለ፤ ወታደር ሆኖ አገልግሎ፣ በሥራው ተመስክሮለት ለመኮንንነት ኮርስ የሚላክም አለ። ከታች ተነሥቶ ትከሻው ላይ ኮከብ ያደረገውን ሰው የሚንቅ ካለ መኮንንነት ምን እንደ ሆነ ያልገባው ነው።

እንግዲህ ወደ ከተሞቻችን ልመለስ። በሆሳዕና ወይም በዱራሜ፣ በሾኔ ወይም በአንጋጫ፣ የቅጥር ማስታወቂያ በተለጠፈ ቁጥር ወጣቶች ይሰበሰባሉ። ነገር ግን ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን ከማንበባቸው በፊት በሰፈሩ የተጻፈውን ሌላ ሰሌዳ ያነባሉ። በዚህ በሰፈሩ ሰሌዳ ላይ አብራሪ መሆን አንደኛ፣ ከዚያም መሐንዲስና ሐኪም፣ ከዚያም ሜካናይዝድ፣ መጨረሻ ላይ እግረኛ ተብሎ ማዕረግ ወጥቷል። ማን እንዳወጣው ማንም አያውቅም። ግን ሠርግ ላይ፣ ለቅሶ ላይ፣ ገበያ ላይ ሁሉ ይሠራበታል። በያሆዴ ሌሊት የነበረው ጨዋታ በሚቀጥለው ወር ለሚያመለክተው ልጅ ሕግ ሆኖ ይጠብቀዋል።

የጎረቤቴን ልጅ ነገር ልንገርዎ፤ ስሙን አልጠቅስም። በትምህርቱ ጎበዝ፣ በሰውነቱ ጠንካራ፣ በጠባዩም የታረመ ልጅ ነበር። ምኞቱ አብራሪ መሆን ነበረ። በሕክምና ምርመራ ጊዜ ግን አንድ ዓይኑ ለበረራ የሚፈለገውን ያህል ሩቅ እንደማያይ ታወቀ። ይህ የማንም ጥፋት አይደለም፤ ዓይን እንደ ትምህርት በማጥናት አይሻሻልም። ይሁን እንጂ ያ ዓይን ለምድር ጦር መኮንንነትም ሆነ ለመገናኛ ሥራ የሚያግደው አልነበረም። እኔም እናቱም «በሌላ ክፍል አመልክት» ብለን ለመንነው። የሰፈሩ ልጆች ግን «ከሰማይ ወደ ጭቃ ወረድህ» እያሉ ቀለዱበት። እነርሱ ለጨዋታ ያሉት እርሱን እንደ ጦር ወጋው። ከቤት መውጣት ተወ። ከጥቂት ወራት በኋላ አባቱ በሬ ሸጦ፣ መሬቱንም በኮንትራት ሰጥቶ፣ ልጁ በደላላ እጅ ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄደ። ዛሬ በአንድ መንደር ውስጥ ትንሽ ሱቅ ይጠብቃል፤ ሱቁም ሁለት ጊዜ ተዘርፏል። ገንዘብ አይልክም አልልም፤ ይልካል። እናቱ ግን ስልክ በጮኸ ቁጥር ትደነግጣለች።

ክቡር አዘጋጅ፣ የዚያን መንገድ አስከፊነት እኛ የሆሳዕናና የዱራሜ ሰዎች ከማንም በላይ እናውቃለን። ከቀበሌአችን ልጅ ያልሄደበት ቤት ማግኘት ያስቸግራል። መጋቢት 15 ቀን 2012 ዓ.ም. በሞዛምቢክ፣ በቴቴ ክፍለ ሀገር፣ በአንድ የጭነት መኪና ኮንቴይነር ውስጥ 64 ሰዎች ታፍነው ሞተው ተገኙ፤ ኢትዮጵያውያን ናቸው የሚለው ወሬ በተሰማ ጊዜ በየቤቱ የነበረውን ዝምታ አልረሳውም። ሰው ሥራ ፍለጋ ቢሰደድ አልፈርድበትም፤ እርሻው በልጅ ብዛት ተከፋፍሎ የአንድ ጓሮ እንሰት ብቻ የቀረው ቤተሰብ ብዙ ነው። ነገር ግን በሩ ተከፍቶለት ሳለ፣ ያ በር የሚመራው ወደ እግረኛ ጦር ነው ተብሎ ስለተሳቀበት ብቻ ወደ ኮንቴይነር የሚገባ ልጅ ካለ፣ ጥፋቱ የልጁ ብቻ አይደለም፤ የሳቅነው ሁላችንም ድርሻ አለን።

«ልጄን ለጥይት አላሳድግም» የሚሉ ወላጆች መኖራቸውን አውቃለሁ፤ ቃላቸውንም አላቃልልም። በ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና ዐዋጅ ከወጣ በኋላ ከ18 እስከ 30 ዓመት የሆነው ወጣት ለሥልጠናና ለሁለት ዓመት አገልግሎት ሲፈለግ፣ በየገበያው በአፈሳ የተወሰደውን ልጅ ያለቀሱ እናቶች ዛሬም በሕይወት አሉ። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜን የሆነው ጦርነትም ሐዘኑን በየቤቱ አኑሯል። ስለዚህ ወታደርነት እንደ ሠርግ ነው ብሎ የሚሰብክ ሰው አይታመንም። እኔ የምለው ሌላ ነው። በአፈሳ መወሰድና ዐውቆ ማመልከት አንድ አይደሉም። ዐውቆ ለሚያመልከት ሰው ደግሞ እውነቱ በሙሉ ሊነገረው ይገባል፤ ሥራው ሞት እንዳለበት፣ ከቤት እንደሚያርቅ፣ በቀዝቃዛ ምሽግ ማደር እንዳለበት ሁሉ ይነገረው። ይህን ሰምቶ ፈርሞ የገባ ሰው ነው መኮንን ሆኖ ሌላውን ሊመራ የሚችለው።

ሌላም የሚያሳዝን ነገር አለ። በማስታወቂያ ሰሞን «ሰው አለኝ፤ ልጅህን ወደ ፈለገው ክፍል አስገባዋለሁ» እያሉ ከወላጅ ገንዘብ የሚቀበሉ ሰዎች ብቅ ይላሉ። ሥራቸው የሚቀናው ሰው ለአንዱ ክፍል ስለሚሳሳና ሌላውን ስለሚንቅ ነው። ልጁ በራሱ ችሎታ ያለፈ እንደ ሆነ «እኔ አስገባሁት» ይላሉ፤ የወደቀ እንደ ሆነ «ገንዘቡ አነሰ» ይላሉ። በሁለቱም በኩል አትራፊ ናቸው። እንዲህ ያለውን ሰው ስም ሰምቶ ዝም የሚል ወላጅ፣ ነገ ልጁን የሚያዝዘው መኮንን በገንዘብ የገባ ቢሆን ምን ይላል? በጦር ሜዳ ላይ በጉቦ የተገዛ ኮከብ ጥይት አያቆምም።

እንግዲህ ለማመልከት ለተዘጋጃችሁ ልጆቼ ከልምዴ የምመክራችሁ ጥቂት ነገር አለ።

አንደኛ፣ የምትፈልጉት መኮንንነትን ነው ወይስ የደንብ ልብሱን? ይህን ለራሳችሁ መልሱ። የደንብ ልብስ ሁሉ ያምራል። መኮንን ማለት ግን ሠላሳ ሰው የሚጠብቀው፣ እነዚያ ሠላሳዎች ሳይበሉ የማይበላ፣ ስማቸውንና የእናታቸውን ቀዬ የሚያውቅ፣ ሲያጠፉ የሚቀጣ፣ ሲወድቁ የሚያነሣ ሰው ነው። ይህን የሚወድ ሰው በየትኛውም ክፍል ቢመደብ ሥራው አይጎድልበትም። ይህን የማይወድ ሰው ግን አውሮፕላን ላይም ቢወጣ ከሥራው ጋር አይስማማም።

ሁለተኛ፣ ሒሳብና እንግሊዝኛ አትናቁ። ይህን የምለው የሒሳብ አስተማሪ ስለሆንሁ አይደለም። መድፈኛው ርቀትና ማዕዘን ያሰላል፤ መሐንዲሱ ድልድይ የሚሸከመውን ክብደት ያሰላል፤ ስንቅና ትጥቅ የሚያቀርበው መኮንን ስንት ኩንታል ዱቄት ለስንት ቀን እንደሚበቃ ያሰላል። እግረኛ ትምህርት አይፈልግም የሚላችሁን አትስሙት፤ ካርታ ማንበብ የማይችል የእግረኛ መኮንን ወታደሩን ገደል ይከተዋል።

ሦስተኛ፣ ሰውነታችሁን አስቀድማችሁ እወቁ። ዓይናችሁን፣ ጆሮአችሁንና ሳንባችሁን ከማመልከታችሁ በፊት በሆሳዕና ባለው በንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ ሆስፒታል ወይም በአቅራቢያችሁ ባለው ጤና ጣቢያ አስመርምሩ። ለአንዱ ሥራ የማይበቃ ዓይን ለሌላው ሥራ እንደሚበቃ ቀድሞ ያወቀ ሰው አይደነግጥም፤ ምርጫውንም በጊዜ ያስተካክላል። ሩጫውንም ማስታወቂያ ከወጣ በኋላ አትጀምሩት። ሆሳዕናና ዱራሜ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ያሉ በመሆናቸው፣ እዚህ በወጉ የሠለጠነ ሰው ሌላ ቦታ ቶሎ አይደክምም።

አራተኛ፣ ዕድሜን መቀነስ፣ የሌላ ሰው ማስረጃ መዋስ፣ የነበረ በሽታን መደበቅ አይገባም። ሐሰቱ ያን ቀን ባይገለጥ በኋላ ይገለጣል። በሐሰት የጀመረ መኮንን ወታደሩን «እውነቱን ተናገር» ሊል አይችልም።

አምስተኛ፣ አንዱ ክፍል ባይቀበላችሁ ሌላውን ጠይቁ። የባሕር ኃይልን ነገር ተመልከቱ። በ1950ዎቹ በምጽዋ መርከብ፣ በአስመራም ኮሌጅ የነበረው ያ ባሕር ኃይል ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ከተለየች በኋላ ፈርሶ ነበር። በ2010 ዓ.ም. ግን እንደገና እንዲቋቋም ተወሰነ፤ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ ከፈረንሳይ ጋር የትብብር ስምምነት ተፈረመ። «ባሕር የሌለው ባሕረኛ» ተብሎ የተሳቀበት ወጣት ነገ የሌላውን ሳቅ ሊሰማ ይችላል። ዛሬ የሚናቀው ክፍል ነገ የሚፈለግበት ጊዜ ይመጣልና።

ለወላጆችም አንድ ቃል አለኝ። ልጅህ ኮከብ ለብሶ ሲመጣ «የትኛው ክፍል ነህ?» ብለህ ከመጠየቅህ በፊት «ስንት ሰው ታዝዛለህ? ደኅና ናቸው ወይ?» ብለህ ጠይቀው። የጎረቤትህ ልጅ እግረኛ በመሆኑ ከልጅህ አሳንሰህ የተናገርህ እንደ ሆነ፣ ሁለቱ አንድ ግንባር ላይ የሚገናኙበት ቀን ሊመጣ እንደሚችል አስብ። በዚያን ቀን ልጅህን ከእሳት ጎትቶ የሚያወጣው ያ የናቅኸው ሊሆን ይችላል።

ለሚመለከታቸው ባለሥልጣኖች የማቀርበው ልመና ደግሞ ሦስት ነው። የመጀመሪያው፣ የምልመላ ማስታወቂያ ወደ ሆሳዕና ብቻ ሳይሆን ወደ ዱራሜ፣ ወደ ዶዮገና፣ ወደ ሺንሺቾ፣ ወደ ጃጁራና ወደ ሌሎቹም ከተሞች በጊዜው ይድረስ። ጊዜው ካለፈ በኋላ የሚደርስ ማስታወቂያ ባይለጠፍ ይሻላል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 87 የመከላከያ ሠራዊቱ የብሔሮችን፣ የብሔረሰቦችንና የሕዝቦችን ሚዛናዊ ተዋጽኦ እንዲያካትት ያዛል። ይህ ትእዛዝ የሚፈጸመው ቃሉን በመድገም አይደለም፤ በየወረዳው ያለ ልጅ ማስታወቂያውን በእኩል ቀን ማንበብ ሲችል ነው።

ሁለተኛው፣ የወደቀው አመልካች ለምን እንደ ወደቀ ይነገረው። «ዓይንህ ለበረራ አይበቃም፤ ለእነዚህ ለእነዚህ ሥራዎች ግን ይበቃል» የሚል አንዲት ቁራጭ ወረቀት ቢሰጠው ወጪው ምን ያህል ነው? ያቺ ወረቀት ግን ልጁን ከደላላ እጅ ልታወጣ ትችላለች። ያለፉትም የወደቁትም ውጤት በግልጽ ቢለጠፍ «ሰው አለኝ» ባዩ እንጀራውን ያጣል።

ሦስተኛው፣ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ በዓመት አንድ ቀን ከምድር ጦር፣ ከአየር ኃይልና ከባሕር ኃይል፣ እንዲሁም ከሕክምናና ከምሕንድስና አንድ አንድ መኮንን መጥተው በአንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው ለተማሪዎች ቢያስረዱ መልካም ነው። ለየብቻ ቢመጡ እያንዳንዱ የራሱን ክፍል ያሞግሳል። አብረው ቢቀመጡ ግን ተማሪው ሲቀላለዱም ያያል፣ አንዱ የሌላውን ሥራ ሲያከብርም ይሰማል። የሰፈሩን ሰሌዳ የሚሰርዘው ይህ ነው። የመጡትም መኮንኖች የዚሁ አካባቢ ልጆች ቢሆኑ የበለጠ ይሰማሉ፤ በሀዲይኛ ወይም በከምባትኛ «እኔም በዚህ ትምህርት ቤት ነበርሁ» የሚል መኮንን ከመቶ ማስታወቂያ ይበልጣልና።

በዚያው ቀን ተማሪዎቹን ወስዶ ሥልጠናን በቅርብ ማሳየትም አይከብድም። ብላቴ ወንዝ በእኛው አገር ጎን አልፎ ነው ወደ አባያ ሐይቅ የሚወርደው፤ የኮማንዶና የአየር ወለድ ጦር ማሠልጠኛ የሆነው የብላቴ ሰፈር ስሙን ያገኘው ከዚሁ ወንዝ ነው። ልጆቻችን ውሃውን እየጠጡ ያደጉበትን ወንዝ ስም ከጦር ሥልጠና ጋር ሲሰሙ ይኖራሉ፤ እዚያ የሚሠራውን ግን በወሬ እንጂ በዓይናቸው አላዩትም። በወሬ የተመረጠ ሥራ ደግሞ በወሬ ይተዋል።

ክቡር አዘጋጅ፣ ጽሑፌ ረዘመ፤ ይቅርታዎን እለምናለሁ። ልጆቻችን በያሆዴና በመሳላ ይቀላለዱ፣ በስታዲየም ይጯጯሁ፣ በሩጫ ይቀዳደሙ፤ ይህን የሚጠላ የለም። ነገር ግን አንድ ወጣት እስክሪብቶ አንሥቶ ማመልከቻ በሚጽፍበት ሰዓት ጨዋታው ይቁምና እውነቱ ይነገረው። በእግሩ የሚሄደውም፣ በሰማይ የሚበረውም፣ በባሕር የሚቀዝፈውም የሚምለው ለአንድ ባንዲራ ነው። ያችን ባንዲራ ለመያዝ ደግሞ አንድ እጅ አይበቃም።



አንድ የጋዜጣው የዘወትር አንባቢ
ከሆሳዕና